ስለ ክፍልፋይ ትምህርት
በቦንጋና በከፋ ገጠር ላሉ መምህራንና ሽማግሌዎች የተነገረ ቃል



የቁጥርን ትምህርት የጀመረ ሕፃን መደመርንና መቀነስን ያለ ብዙ ድካም ይለምዳል። ማባዛትንም በቃሉ አጥንቶ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ክፍልፋይ ከተባለው ትምህርት ደጃፍ ሲደርስ ግን ብዙው ይቆማል። መምህሩ በሰሌዳው ላይ አንድ አራተኛንና አንድ ስምንተኛን ጽፎ «ከሁለቱ የሚበልጠው የትኛው ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፥ «አንድ ስምንተኛ» የሚል መልስ ከየማዕዘኑ ይሰማል። ስለ ምን ቢሉ፥ ስምንት ከአራት ይበልጣልና ነው። ይህን የሚመልስ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ እስከዚያች ቀን ድረስ የተማረውን ሕግ በታማኝነት ጠብቆ ሳተ እንጂ። ቁጥሩ ሲበልጥ ነገሩም ይበልጣል ብሎ ያስተማረው ያው መምህሩ ነው።

ስሕተቱ በትምህርት ቤቱ ግቢ ቢቀር ጕዳቱ ጥቂት በሆነ ነበር። ዳሩ ግን ልጁ አድጎ ቡናውን ለነጋዴ ሲያስመዝን፥ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋራ የአባቱን መሬት ሲካፈል፥ የጤና ባለሙያ «ለሕፃኑ የክኒኑን ሩብ ስጠው» ሲለው አብሮት ይሄዳል። ሩቡን ከግማሹ ያልለየ አባት መድኃኒቱን ሁለት እጥፍ አድርጎ ይሰጣል። ስለዚህ ይህ ትምህርት ከመጽሐፉ ገጾች እንደ አንዱ ተቈጥሮ በችኮላ የሚታለፍ አይደለም።

በከፋ ምድር እንሰት የሌለበት ጓሮ ጥቂት ነው፤ ከእንሰቱም ቃጫ ይገኛል። መምህሩ ለእያንዳንዱ ልጅ ቁመቱ አንድ የሆነ የቃጫ ገመድ ይስጥ። ልጁ ገመዱን አንድ ጊዜ አጥፎ ጫፉን ከጫፉ ያገናኝ፤ ይህ ግማሽ ነው። እንደ ታጠፈ ዳግመኛ ይጠፈው፤ ይህ እርቦ ነው። ሦስተኛም ይጠፈው፤ ይህ ስምንተኛ ነው። በታጠፈ ቍጥር ክፍሎቹ እየበዙ እያንዳንዱ ክፍል ግን እያጠረ ሲሄድ ልጁ በዓይኑ ያያል፥ በጣቱም ይዳስሳል። ከዚህ በኋላ ያ የመጀመሪያው ጥያቄ ቢቀርብለት ገመዱን አይቶ ይመልሳል፤ ጥቂት ቀንም ካለፈ ገመዱን ሳያይ ይመልሳል። ሢሶን ማጠፍ ከዚህ ይከብዳል፤ ጫፎቹ እስኪገጥሙ ድረስ ገመዱን ወዲያና ወዲህ መሳብ ያስፈልጋልና። መምህሩ እዚህ ላይ መቸኰል አይገባውም፤ ልጁ «አልተካከለም» ብሎ ደግሞ ደጋግሞ ሲያስተካክል የትምህርቱን ሥር እየያዘ ነው። ክፍሎቹ እኩል ካልሆኑ ክፍልፋይ የለም።

ስለ መተካከል ነገር የዶሮ ወጥ መልካም ምሳሌ ነው። የዶሮ ብልት ዐሥራ ሁለት መሆኑን ባልቴት ሁሉ ታውቃለች። ነገር ግን ክንፉ ከፈረሰኛው ጋራ አይተካከልም፤ ስለዚህ ክንፍ የደረሰው እንግዳ «የዶሮዋን አንድ ዐሥራ ሁለተኛ በላሁ» ቢል ራሱን አታለለ። ዐሥራ ሁለት ቦታ መቈረጥ ሌላ ነው፥ ከዐሥራ ሁለት እኩል መከፈል ሌላ ነው። ልጆች በዚህ ምሳሌ ይሥቃሉ፤ የሣቁበትንም አይረሱትም።

የአማርኛ ቋንቋ ለክፍልፋይ የሚሆን ስም ከጥንት ጀምሮ አለው። ግማሽ ወይም እኩሌታ፥ ሢሶ፥ እርቦ ወይም ሩብ፥ ከዐሥር አንድ የሚሆነውም አሥራት ይባላል። በግዕዝ ግማሽ መንፈቅ ነው፤ መንፈቀ ሌሊትና መንፈቀ ዓመት የሚባሉት ከዚሁ የመጡ ናቸው። ልዩ ስም ለሌለው ክፍል ግን የቀድሞ ሰዎች አነጋገር እንዲህ ነበር፤ «ከአምስት እጅ ሦስቱ እጅ»። ይህ አነጋገር በዛሬው ትምህርት ቤት «ሦስት አምስተኛ» በሚለው ተተክቷል። አዲሱ አጭር ነው፤ ለማስተማር ግን አሮጌው ይሻላል። ምክንያቱም ይህ ነው፤ አሮጌው አስቀድሞ ሙሉው ነገር ከስንት እንደ ተከፈለ ይናገራል፥ ቀጥሎም ከተከፈለው ስንቱ እንደ ተወሰደ ይናገራል። ሰው እንጀራ ሲቈርስም ሥራው በዚሁ ተራ ነው፤ ሳይከፍል አይወስድም። «ሦስት አምስተኛ» የሚለው ግን የተወሰደውን አስቀድሞ የተከፈለበትን ኋላ ስለሚያመጣ፥ ጀማሪ ልጅ ሦስትንና አምስትን ዝምድና እንደሌላቸው ሁለት ቍጥሮች አድርጎ ይሰማቸዋል። አስተዋይ መምህር አንድ ሳምንት ያህል በአሮጌው አነጋገር ካስተማረ በኋላ ወደ አዲሱ ቢሻገር ድካሙ ይቀልለታል። ይህን ብቻ ይጠንቀቅ፤ «ሦስት እጅ ይበልጣል» ሲባል እጅ ማለት እጥፍ ነውና፥ ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ ለይቶ ያሳይ።

በጽሕፈት ጊዜ ከመስመሩ በታች ያለው ታሕት፥ ከመስመሩ በላይ ያለው ላዕል ይባላል። ሁለቱም ከግዕዝ የተወሰዱ ናቸው፤ ትርጓሜያቸውም ታችና ላይ ማለት ነው። ታሕት የክፍሉ ስም ነው፤ ላዕል ግን የዚያ ክፍል ቍጥር ነው። ሦስት በግ እንደሚባል እንዲሁ ሦስት አምስተኛ ይባላል፤ በጉ አምስተኛው ነው። ይህ የገባው ልጅ ሁለት አምስተኛና አንድ አምስተኛ ሲደመሩ ሦስት ዐሥረኛ አይልም፤ ሁለት በግና አንድ በግ ሦስት በግ እንጂ ሌላ አውሬ አይሆኑምና።

በዚህ ነገር የተቸገረ የመጀመሪያው ሰው የከፋ ልጅ አይደለም። የጥንት የግብጽ ጸሐፊዎች ከሁለት ሦስተኛ በቀር ላዕሉ አንድ የሆነውን ክፍልፋይ ብቻ ይጽፉ ነበር፤ ሦስት አራተኛን ለመጻፍ ቢፈልጉ «ግማሽና እርቦ» ብለው ይጽፉ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ዓመት ገደማ አሕሜስ የተባለ ጸሐፊ የገለበጠው የቁጥር መጽሐፍ ዛሬ በለንደን ቤተ መዘክር ይገኛል። በመጀመሪያው ክፍል ካሉት ጥያቄዎች ጥቂት እንጀራን ለዐሥር ሰዎች እኩል ማካፈል ይገኝበታል። የሦስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ጥያቄ ዛሬም ከማእድ ላይ አልተነሣም።

ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ሽማግሌዎችን ይበልጥ የሚመለከት ነው። ሢሶ ሲባል ወዲያው «የምን ሢሶ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። የትልቅ ዳቦ እርቦ ከትንሽ ዳቦ ግማሽ ሊበልጥ ይችላል፤ ሙሉው ሳይታወቅ ክፍሉ አይታወቅም። ከፋ በ1889 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመቻ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከገባ በኋላ፥ እንደ ሌላው የደቡብ አገር የገባርና የጭሰኛ ሥርዐት ተተከለበት። በኢትዮጵያ በየስፍራው አራሾች ከሰብላቸው ለባለመሬት በሚሰጡት መጠን እኩል አራሽ፥ ሢሶ አራሽ፥ እርቦ አራሽ ይባሉ ነበር። ይህ ሥርዐት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ ቀርቷል፤ ሒሳቡ ግን ዛሬም ለማስተማር ይጠቅማል።

አንድ ሢሶ አራሽ 30 ቁና እህል አገባ ቢባል፥ ከዚህ ላይ አሥራትና ሢሶ ይነሣሉ። አስቀድሞ አሥራቱ ቢነሣ 3 ቁና ይሄዳል፥ 27 ይቀራል፤ ከ27ቱ ሢሶው 9 ነው፤ ለአራሹ 18 ቁና ይተርፈዋል። ባለመሬቱ ግን «ሢሶዬ ከሙሉው ነው» ቢል ከ30ው 10 ቁና ይወስዳል፥ አሥራቱም 3 ነው፤ ለአራሹ 17 ቁና ብቻ ይተርፈዋል። በሁለቱም መንገድ ሢሶ ተብሏል፥ አሥራትም ተብሏል፤ ማንም የዋሸ የለም። የሄደችው አንድ ቁና የሄደችው «ከምን ላይ?» ተብሎ ስላልተጠየቀ ነው። ያች ቁና ክረምት ሲገባ ከአራሹ ልጆች መሶብ ትጐድላለች። መምህሩ ይህን ምሳሌ በጠጠር ቢያሠራው፥ 30 ጠጠር ቈጥሮ በሁለቱም መንገድ ቢያካፍል፥ ልጆቹ ራሳቸው ሳይነገራቸው ጥያቄውን ያገኙታል።

ቅርጫ ደግሞ ከቁጥር መጽሐፍ ሁሉ የበለጠ መምህር ነው። በበዓል ዋዜማ ጎረቤቶች ተሰብስበው አንድ በሬ በ60,000 ብር ገዙ እንበል ተብሎ ይነገራቸው፤ ሥጋውም በ12 መደብ ተከፈለ። በየመደቡ ከየብልቱ ጥቂት ጥቂት ተቈርጦ ስለሚጨመርበት፥ ዕጣም ስለሚወጣበት፥ እንደ ዶሮዋ ክንፍና ፈረሰኛ የሚያሰኝ ነገር የለም፤ መደቦቹ እኩል ናቸው። አንዱ መደብ የበሬው አንድ ዐሥራ ሁለተኛ፥ ዋጋውም 5,000 ብር ነው። አሁን ከቅርጫው የገቡት ቤቶች 12 ቢሆኑ፥ አንዱ ባለጸጋ ሁለት መደብ ቢወስድ፥ ሁለት ድኾች አንዱን መደብ ለሁለት ቢካፈሉ፥ የቀሩት 9 ቤቶች አንዳንድ ቢወስዱ፥ ስንት ስንት ይክፈሉ? ቍጥር አላዋቂ ሰብሳቢ «ቤቱ 12 ነው፥ ብሩ 60,000 ነው» ብሎ ከሁሉም 5,000 ብር ይሰበስባል፤ ሒሳቡም ሞልቶ ስለሚያገኘው ደስ ይለዋል። ነገር ግን ድኻዋ ባልቴት የበሬውን አንድ ሃያ አራተኛ ወስዳ የአንድ ዐሥራ ሁለተኛ ዋጋ ከፈለች፤ ባለጸጋው አንድ ስድስተኛ ወስዶ ግማሽ ዋጋውን ብቻ ከፈለ። በእውነት ሊከፈል የሚገባው ከባለጸጋው 10,000፥ ከሁለቱ ድኾች እያንዳንዳቸው 2,500፥ ከዘጠኙ 5,000 ነው፤ ተደምሮም 60,000 ይሞላል። ድምሩ መሙላቱ ብቻ ክፍፍሉ የቀና ለመሆኑ ምስክር እንደማይሆን ከዚህ ይታያል።

ወደ መደመር ሲመጣ ልጆች ሁሉ የሚወድቁበት ጕድጓድ ይህ ነው፤ ግማሽና ሢሶ ሲደመሩ ላዕሉን ከላዕል፥ ታሕቱን ከታሕት ደምረው «ሁለት አምስተኛ» ይላሉ። መምህሩም ብዙ ጊዜ «ታሕቱን አስተካክል» ብሎ ሕጉን ይሰጣል እንጂ ምክንያቱን አይሰጥም። ምክንያቱን የአገር ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ ትምህርት አስቀምጠውታል። በዚያ ትምህርት አንድ ዕለት፥ ቀኑና ሌሊቱ በአንድነት፥ 60 ኬክሮስ ይባላል፤ አንዱም ኬክሮስ በዛሬው ሰዓት 24 ደቂቃ ይሆናል። ኬክሮሱም በ60 ካልዒት ይከፈላል። እንግዲህ የዕለት ግማሽ 30 ኬክሮስ፥ ሢሶው 20፥ እርቦው 15፥ አምስተኛው 12፥ ስድስተኛው 10፥ ዐሥረኛው 6፥ ዐሥራ ሁለተኛው 5 ነው። ይህን ያጠና ልጅ ግማሽና ሢሶን ሲደምር 30ና 20 ብሎ 50 ኬክሮስ ያገኛል። አንድ ስድስተኛ 10 ነበርና 50 አምስት ስድስተኛ ነው። የተሳሳተው መልስ ሁለት አምስተኛ ግን 24 ኬክሮስ ብቻ ነው፤ ከተደመሩት ከአንዱ ከግማሹ እንኳ ያንሳል። ግማሽ ዕለት ላይ ሌላ ጊዜ ተጨምሮበት ከግማሽ ዕለት ማነሱ እንዴት ይሆናል? ልጁ ይህን ሲያይ ስሕተቱን ሰው ሳይነግረው ይተዋል። ሢሶና ግማሽ እንደ ብርና እንደ ሳንቲም ናቸው፤ ወደ አንድ ዓይነት ሳይመነዘሩ አይደመሩም። ታሕትን ማስተካከል ማለት መመንዘር ነው።

መቀነሱም እንዲሁ ነው። ከእርቦ ላይ አምስተኛ ቢነሣ 15 ሲቀነስ 12፥ 3 ኬክሮስ ይቀራል፤ ይኸውም የዕለት አንድ ሃያኛ ነው። ባሕረ ሐሳብ ያልተማረ መምህር ወይም ሌላ ሃይማኖት ያለው ልጅ ቢሆን የሰዓትን 60 ደቂቃ ወስዶ ያንኑ ቍጥር ያገኛል፤ ሁለቱም ከጥንት ከባቢሎን ሰዎች ሥልሳዊ አቈጣጠር ጋራ ይዛመዳሉ። የዓመቱም ነገር ከዚሁ ጋራ የተያያዘ ነው። የፀሐይ ዓመት 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ከ6 ካልዒት ተብሎ ይቈጠራል። 15ቱ ኬክሮስ እርቦ ዕለት ስለ ሆነ በአራት ዓመት 60 ይሞላና አንድ ዕለት ይሆናል፤ ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ 6 የምትሆነው ስለዚህ ነው፥ በ2015 ዓ.ም. እንደ ሆነችው። ልጅ ሁሉ የሚያውቃት ያች ስድስተኛይቱ የጳጉሜን ቀን ከአራት እርቦዎች የተሰፋች ናት። ስድስቱ ካልዒት ደግሞ በስንት ዓመት አንድ ዕለት እንደሚሆን ለትላልቆቹ ልጆች ጥያቄ ሆኖ ይሰጣቸው፤ መልሱ 600 ዓመት ነው።

ማባዛት ለከፋ ልጅ በቡና ይማር ዘንድ ይገባል። በዚህ አገር ቡና ጫካ በቀል ነውና ከማንኪራ ጫካ ዳር የሚኖር ልጅ ቀዩን ፍሬ ሲለቅም ያደገ ነው። ቀዩ እሸት ደርቆ ጀንፈል ሲሆን በግምት ከሦስት እጅ አንዱ እጅ ክብደት ይቀራል። ጀንፈሉ ሲፈለፈል ደግሞ ከግማሽ የማይርቅ ንጹሕ ቡና ይወጣዋል። እንግዲህ ከ6 ኪሎ እሸት 2 ኪሎ ጀንፈል፥ ከ2 ኪሎ ጀንፈልም 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ይገኛል። የሢሶ ግማሽ ስድስተኛ ነው ማለት ይህ ነው። ልጆች «ማባዛት ማብዛት ነው፥ ታዲያ ስለ ምን አነሰ?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ በእጃቸው ላይ አለ፤ የአንድን ነገር ክፍል ከፍሎ መውሰድ ማሳነስ ነው። ግምቱ እንደ ቡናው ብስለትና እንደ አደራረቁ ጥቂት ከፍና ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ በለቀማ ወራት መምህሩ ልጆቹን አስመዝኖ፥ አድርቆ፥ ዳግመኛ ያስመዝን፤ ከመጽሐፍ ያልተገኘውን ቍጥር ራሳቸው ያገኙታል።

በዚህ ሒሳብ ላይ የቤተ ሰብ ኑሮ ተንጠልጥሏል። ነጋዴ መጥቶ የእሸቱን ኪሎ በ50 ብር ልግዛ ቢል፥ ባለቡናውም «አድርቄ በጀንፈል እሸጣለሁ፥ ጀንፈሉ 120 ብር ያወጣል» ቢል፥ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? 120 ከ50 ይበልጣልና ብዙ ሰው ማድረቁን ይመርጣል። ነገር ግን 1 ኪሎ ጀንፈል ከ3 ኪሎ እሸት የሚገኝ ነው፤ 3 ኪሎ እሸት ደግሞ 150 ብር ያወጣል። ስለዚህ ሰውየው ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ሲያሰጣ፥ ሲያገላብጥ፥ ከዝናብ ሲያሸሽ ሰንብቶ በየኪሎው 30 ብር ከሰረ። ጀንፈሉ ከ150 ብር በላይ ሲያወጣ ብቻ ድካሙ ዋጋ አለው። ይህን ለአባቱ የሚያስረዳ የዐሥር ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት መዋሉ ምን እንደ ጠቀመ አባትየው አይጠይቅም።

ማካፈልን በተመለከተ መምህራን «ገልብጠህ አባዛ» የሚለውን ሕግ ይወዳሉ። ሕጉ እውነት ነው፤ ያለ ምክንያት የተሰጠ እንደ ሆነ ግን ልጁ የትኛውን እንደሚገለብጥ ይረሳል። 4 ኪሎ ማር ግማሽ ኪሎ በሚይዝ ዕቃ ስንት ጊዜ ይሰፈራል? ስምንት ጊዜ። ለግማሽ ማካፈል ለሁለት እንደ ማባዛት መሆኑን ማሩ ራሱ ተናገረ። ፈረሱላም ይጠቅማል፤ 17 ኪሎ ስለ ሆነ ለሁለት ሲከፈል 8 ኪሎ ተኩል፥ ለአራት ሲከፈል 4 ኪሎ ከሩብ ይሆናል እንጂ ያለ ክፍልፋይ አይከፈልም።

የመሬት ነገር ለሽማግሌዎች ነው። ግማሽ ሄክታር ትቶ የሞተ ሰው ሦስት ልጆች ቢኖሩት፥ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው የግማሽ ሢሶ ማለት የሄክታር አንድ ስድስተኛ ነው። ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነውና 1,666 ካሬ ሜትር ከሁለት ሦስተኛ ይሆናል። በዚህ ላይ «ሴት ልጅ ናት፥ እርቦው ይበቃታል» የሚል ቃል ቢነሣ ሒሳቡ ራሱ ይቃወማል፤ እርሷ እርቦ ከወሰደች ለሁለቱ ወንድሞች ሦስት አራተኛ ይቀራል፥ ለእያንዳንዳቸውም ከስምንት እጅ ሦስቱ እጅ ይደርሳል። ይህ ከእርሷ ድርሻ በግማሽ የሚበልጥ ነው። የሕግም ነገር እንዲሁ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ሴቶች በውርስ ከወንዶች ጋራ እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል።

ሽማግሌዎች ያለ ጽሕፈት በቃጫ ገመድና በእርምጃ ሲያካፍሉ ኖረዋልና መምህሩ በወር አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱን ወደ ክፍል ቢጋብዝ ሁለቱም ወገን ይጠቀማሉ። በቤታቸው ካፊኖኖ የሚናገሩ ልጆችም ግማሽና ሢሶ በእናታቸው ቋንቋ ምን እንደሚባሉ ከቤት ጠይቀው እንዲመጡ ይታዘዙ፤ ስሙም በሰሌዳው ላይ ከአማርኛው ጎን ይጻፍ። ከእናቱ አፍ በሰማው ስም የሚማር ልጅ ነገሩን እንደ እንግዳ አይፈራውም።

በመጨረሻ ልጆቹ ወደ መቶኛ ሲሻገሩ አንድ ነገር ያስደንቃቸዋል። መቶ ብር ለአራት ሰው 25 ብር፥ ለአምስት 20፥ ለዐሥር 10 ይሆናል። ለሦስት ሲሆን ግን 33 ብር ከ33 ሳንቲም ደርሶ አንዲት ሳንቲም ባለቤት አጥታ ትቀራለች። በ60 ቢቈጠር ግን ሢሶው 20 ነው፥ ምንም አይተርፍም። «መቶ ከ60 ይበልጣል፥ ታዲያ ለሦስት መከፈል እንዴት አቃተው?» ብሎ መምህሩ ይጠይቅና መልሱን ሳይሰጥ ልጆቹን ወደ ቤታቸው ይስደዳቸው።